ሽጉጥ ታጥቆ የመሄድ ፈቃድ በአሜሪካ፦ የትኛው ስንት ያስወጣል፣ የትኛውስ ይበጃል?

ፔንስልቬንያ ውስጥ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ የሚያወጣ ነዋሪ ለካውንቲው ሸሪፍ 20 ዶላር ይከፍላል፤ ፈቃዱ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ሥልጠና አምጣ የሚለው የለም። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ማመልከቻው ብቻ 340 ዶላር፣ አሻራው 88.25 ዶላር ነው፤ ፈቃዱ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ሲሆን ግዴታ የሆነው ሥልጠና ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው። በሁለቱ መካከል የሁለት ሰዓት ገደማ የመኪና መንገድ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ «ፈቃድ ለማውጣት ስንት ያስፈልጋል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቁጥር መጥራት አይቻልም። ቅጹ ላይ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወጪው ትንሹ ክፍል ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እሱን ብቻ አይቶ ሲወስን ነው። በደንብ ለማወዳደር ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ የምታወጡትን ገንዘብ ሁሉ ደምሩ፣ ፈቃዱ በሚያገለግልባቸው ዓመታት አካፍሉ፣ ከዚያ ካርዱ እስከ የት ድረስ እንደሚሠራ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጣል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ክፍያ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የስቴቱን ድረ ገጽ ማየት አይዘለልም።)

ያለ ፈቃድ መታጠቅ በሚቻልበት ስቴት ለምን ይከፈላል?

ዛሬ 29 ስቴቶች ሕጋዊ ብቃት ያለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ እንዲሄድ ይፈቅዳሉ። ቴነሲ በሐምሌ 2021፣ ቴክሳስ በመስከረም 2021፣ ኢንዲያና በሐምሌ 2022፣ ፍሎሪዳ በሐምሌ 2023፣ ደቡብ ካሮላይና እና ሉዊዚያና በ2024 እዚህ ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ስድስት ስቴቶች ግን ፈቃድ መስጠታቸውን አላቆሙም፤ የሚፈልግ ያወጣል። እኛም አውጡ ከሚሉት ወገን ነን፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

የፌዴራሉ የትምህርት ቤት አካባቢ ሕግ ከማንኛውም የአንደኛም ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ውስጥ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የግል ይዞታ ላይ ያለ ሰው፣ ወይም ሽጉጡን ጥይት አውጥቶ ሳጥን ውስጥ የቆለፈ ሰው አይነካም። ታጥቆ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው የሚያድነው ግን ትምህርት ቤቱ ያለበት ስቴት የሰጠው ፈቃድ ነው። የስቴቱ ሕግ «ያለ ፈቃድ ታጠቅ» ማለቱ ፌዴራሉን አያስቀርም። የከተማችሁን ካርታ ዘርግታችሁ በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ 300 ሜትር ክብ ብታሰምሩ፣ ክቡን ሳይነኩ ከቤት ገበያ መድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታያላችሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ የቴክሳስ ፈቃድ የሚያስከፍለው 40 ዶላር አይበዛም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉዞ ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ ከስቴታችሁ ወሰን ማዶ የምታሳዩት ወረቀት የለም። በዚህ ላይ የቴክሳስ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ ሲገዛ ፈቃዱ የፌዴራሉን ፈጣን ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) ይተካለታል፤ ስሙ ከሌላ ሰው ጋር እየተመሳሰለ ግዢው በየጊዜው «ይቆይ» ለሚባልበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የአንዳንድ ስቴቶች ሂሳብ

ቀጥሎ ያለው የመንግሥት ክፍያ ብቻ ነው፤ ሥልጠና የለበትም።

ፔንስልቬንያ፦ 20 ዶላር፣ 5 ዓመት። በዓመት 4 ዶላር።
ቨርጂኒያ፦ እስከ 50 ዶላር፣ 5 ዓመት። በዓመት 10 ዶላር።
ቴክሳስ፦ 40 ዶላር፣ ከአሻራ አገልግሎቱ ጋር 50 ገደማ። የመጀመሪያው ፈቃድ ከአራት ዓመት በኋላ ባለው ልደታችሁ ያበቃል፣ የታደሰው 5 ዓመት ይሄዳል። በዓመት ከ10 እስከ 12 ዶላር።
አሪዞና፦ 60 ዶላር፣ 5 ዓመት፤ እድሳት 43። መጀመሪያ ላይ በዓመት 12 ዶላር።
ፍሎሪዳ፦ 55 የፈቃድ፣ 42 የአሻራ፣ ድምር 97 ዶላር፣ 7 ዓመት። በዓመት 14 ዶላር ገደማ።
ኢሊኖይ፦ 150 ዶላር፣ 5 ዓመት፤ በተጨማሪ የመሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያው 10 ዶላር ለ10 ዓመት። በዓመት 31 ዶላር።
ሜሪላንድ፦ 125 ዶላር፣ የመጀመሪያው 2 ዓመት ገደማ፤ እድሳት 75 ዶላር ለ3 ዓመት። መጀመሪያ ላይ በዓመት 62 ዶላር ገደማ፣ ከእድሳት በኋላ 25።
ኒው ጀርሲ፦ 200 ዶላር፣ 2 ዓመት። በዓመት 100 ዶላር።
ኒውዮርክ ከተማ፦ 428.25 ዶላር፣ 3 ዓመት። በዓመት 143 ዶላር ገደማ።

ኢንዲያና ከዝርዝሩ የቀረችው ለማካፈል ስለማትመች ነው፤ የፈቃድ ክፍያውን ከነጭራሹ አስቀርታለች፣ የሚወጣው የአሻራው ትንሽ ገንዘብ ነው። ኢንዲያና ውስጥ የሚኖር ብቁ ሰው ፈቃዱን የማያወጣበት ምክንያት አይታየንም።

ኒውዮርክ ስንል ከተማዋን ነው። በኒውዮርክ ስቴት ሕግ ከከተማዋና ከናሶ ካውንቲ ውጭ ያሉ ካውንቲዎች ለፈቃዱ ማስከፈል የሚችሉት ከ3 እስከ 10 ዶላር ብቻ ነው። አሻራው እና የ18 ሰዓቱ ሥልጠና ግን (16 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ተኩስ) የትም ብትኖሩ ይጠብቃችኋል።

ቴነሲ፦ 65፣ 100 ወይስ 300?

ቴነሲ ሦስት ዓይነት ፈቃድ ስለምትሸጥ ምርጫው ያደናግራል። 65 ዶላር የሚያስከፍለው ሽጉጡን ደብቆ ለመያዝ ብቻ ሲሆን ሥልጠናው 90 ደቂቃ በኢንተርኔት ያልቃል። 100 ዶላር የሚያስከፍለው ከፍ ያለው ፈቃድ በግልጽም ተደብቆም ለመታጠቅ ያገለግላል፤ የ8 ሰዓት ክፍልና የተኩስ ፈተና አለው። ሁለቱም 8 ዓመት ይቆያሉ፣ ሁለቱም በ50 ዶላር ይታደሳሉ። ሦስተኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ 300 ዶላር።

በ65 እና በ100 መካከል ያለው 35 ዶላር ለ8 ዓመት ሲካፈል በዓመት አምስት ዶላር አይሞላም። ልዩነቱን የሚያሰፋው የክፍሉ ክፍያ፣ ጥይቱ እና አንድ ሙሉ ቀን ነው። ቢሆንም ከስቴት ስቴት የሚጓዝ ሰው 100ውን ይምረጥ፤ ተኩስ ያልተፈተነበትን ፈቃድ የማይቀበሉ ስቴቶች አሉ፤ በቴነሲ ውስጥም ባለ 100ው ብቻ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ።

የዕድሜ ልኩስ? በተራው መንገድ 100 ከፍላችሁ በየ8 ዓመቱ 50 ብትጨምሩ፣ 300 ዶላር የሚሞላው በአራተኛው እድሳት ነው፤ ያ እድሳት ደግሞ እስከ 40ኛው ዓመት ያደርሳል። የ35 ዓመት ሰው ከዕድሜ ልኩ ማትረፍ የሚጀምረው ከ75 ዓመቱ በኋላ ነው ማለት ነው። ከፍ ያለው ፈቃድ ያለው ሰው በ200 ዶላር ወደ ዕድሜ ልክ መቀየር ስለሚችል፣ ዛሬ 100 ከፍሎ ነገ 200 የሚጨምርም ያው 300 ነው የሚያወጣው። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ስቴቱን ትለቃላችሁ ወይ የሚለውን ሳትወስኑ 300 አትክፈሉ። የእድሳት ቀን እየረሳ ለሚቸገር ሰው ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው አልወጣም።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ

እዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤቱ በአንዱ፣ ሥራው በሌላው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሦስተኛው ይሆናል። ችግሩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሜሪላንድም ዲሲም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። በቨርጂኒያ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ ድልድይ የተሻገረ ሰው ማዶ ሲደርስ ያለ ፈቃድ የታጠቀ ሰው ነው፤ ይህ በቅጣት ወረቀት የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ያሳስራል።

ቨርጂኒያ ቀላሏ ናት። ማመልከቻው ለምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ኮርት (የአካባቢው ፍርድ ቤት) ይገባል፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ለሥልጠናው የተወሰነ ሰዓት የለም፤ ግን ከጥር 2021 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ክፍል አይሠራም። የ20 ዶላር የኢንተርኔት ሰርተፊኬት ማስታወቂያ አሁንም ታያላችሁ፣ አትግዙት። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን መልስ ካልሰጠ ጸሐፊው ማመልከቻችሁን ያረጋግጥላችኋል፤ ያ ወረቀት ለ90 ቀን እንደ ፈቃድ ይሠራል። የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ማህተም ያለበት ቅጂ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ማመልከቻው ለስቴት ፖሊስ ነው። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ክፍያው ከ75 ወደ 125 ከፍ ብሏል። 16 ሰዓት ሥልጠና በአካል፣ ከዚያም የ25 ጥይት ፈተና አለ፤ ለማለፍ 70 በመቶ ያስፈልጋል። ለእድሳት ሌላ 8 ሰዓት። ሽጉጥ ገና ያልገዛ ሰው ከዚህ በፊት 50 ዶላር የሚያስከፍል የመግዣ ብቃት ፈቃድ አለበት፤ ብዙዎች በጀት ሲይዙ ይህን ይረሱታል።

ዲሲ፦ ፈቃዱ 75፣ አሻራው 35፣ የሽጉጡ ምዝገባ 13፤ ድምር 123 ዶላር ለ2 ዓመት። ሥልጠናው 16 ሰዓት ክፍልና 2 ሰዓት ተኩስ ሲሆን፣ ለእድሳት 75 ዶላርና አጠር ያለ ሥልጠና ይጠየቃል። ነዋሪ ያልሆነም ማመልከት ይችላል።

ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለማውጣት ካሰባችሁ ገንዘብ የምታተርፉት ከመንግሥት ክፍያ ላይ ሳይሆን ከሥልጠናው ላይ ነው። ሜሪላንድ አሠልጣኙ በስቴት ፖሊሷ፣ ዲሲ ደግሞ በከተማዋ ፖሊስ የተመዘገበ እንዲሆን ትጠይቃለች። ሁለቱም ምዝገባ ያላቸው አሠልጣኞች አሉ፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለሁለቱም የሚሆን ሰርተፊኬት ይሰጣሉ፣ ለቨርጂኒያም በዚያው ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት «ሰርተፊኬቱ ለየትኞቹ ነው? ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱን ብቻ ሠልጥኖ በወሩ ሌላ 16 ሰዓት የደገመ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ቅጹ ላይ የማይጻፈው ወጪ

የአንድ ቀን ክፍል በአብዛኛው ከ50 እስከ 150 ዶላር ነው፤ የ16 እና የ18 ሰዓቱ ከ200 እስከ 500 ይደርሳል። ዋጋው ዝቅ ያለ ክፍል ስታዩ ምን እንዳልገባበት ጠይቁ፤ የተኩስ ሜዳው መግቢያ፣ የሽጉጥ ኪራይ፣ ጥይትና ኢላማ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ባለ 50 ፍሬ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ፓኬት ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው፤ ለፈተናው አንድ፣ ለልምምድ ቢያንስ ሁለት ያዙ። የጆሮ እና የዓይን መከላከያም አለ። ከሥራ የቀራችሁበትን ቀንም ቁጠሩ፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

የቴክሳስን ፈተና እንመልከት። 50 ጥይት ነው፦ 20 ከ3 ያርድ፣ 20 ከ7 ያርድ፣ 10 ከ15 ያርድ። ከ250 ነጥብ 175 ያመጣ ያልፋል። ከ3 ያርድ ማንም አይስትም፤ ሰው የሚወድቀው ሁለት ነገር ሲገናኝበት ነው። አንደኛ፣ በኪስ የሚገባ ትንሽ ሽጉጥ ይዞ መምጣት፤ በርሜሉ አጭር፣ መያዣው ለሁለት ጣት ብቻ የሚበቃ፣ ምቱ ኃይለኛ። ለፈተናው እንደ ግሎክ 19 ያለ መካከለኛ ሽጉጥ ተከራዩ። ሁለተኛ፣ ድምፁን ጠብቆ መደንገጥ፤ ቃታው ሊለቅ ሲል እጅ ወደ ታች ይገፋል፣ በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ጥይቶቹ ከመሃል በስተ ግራ ወደ ታች ተሰብስበው ያርፋሉ። ለማወቅ ጓደኛችሁ ካዝናው ውስጥ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሳያሳያችሁ ይደባልቅ። ተራው ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ ጥፋቱ ያ ነው። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ ቃታን ቀስ እያሉ የመሳብ ልምምድ ነው፤ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። ሳንቲም አያስወጣም፤ የድጋሚ ፈተናን ግን ያስቀራል።

አሻራም ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ዕቃ የሚያጥቡ፣ ግንባታ ላይ የሚሠሩ፣ በሆስፒታል እጃቸውን በአልኮል ደጋግመው የሚያሹ ሰዎች የጣታቸው መስመር ያልቃል፤ ማሽኑ ቢቀበለው እንኳ ኤፍቢአይ ይመልሰዋል። ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቅባት ተቀቡ፣ በዕለቱ ግን እጃችሁን አጥባችሁ አድርቁ። ሁለት ጊዜ ከተመለሰባችሁ በስም የሚደረግ ማጣራት መጠየቅ ስለሚቻል ሦስተኛ ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንሱ። ኢሊኖይ ውስጥ አሻራ በፈቃደኝነት ነው፤ የሰጠ በ90 ቀን፣ ያልሰጠ በ120 ቀን ይወሰንለታል። የአሻራውን ገንዘብ ለ30 ቀን ፍጥነት መክፈል ለማይቸኩል ሰው አያስፈልገውም።

የሌላ ስቴት ፈቃድ መግዛት

አሪዞና እና ፍሎሪዳ ነዋሪ ላልሆነም በዚያው ዋጋ ይሰጣሉ፤ ቨርጂኒያ ነዋሪ ላልሆነ 100 ዶላር ታስከፍላለች። «በአንድ ካርድ ሠላሳ ስቴት» የሚለው ማስታወቂያ ግን ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። ኮሎራዶ እና ሚሺጋን ለምሳሌ የሌላ ስቴት ፈቃድ የሚቀበሉት ሰጪው ስቴት የራሱ ነዋሪ ለሆነ ሰው ሲሆን ነው። ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ እና ካሊፎርኒያ ከነጭራሹ አይቀበሉም። መጀመሪያ በዓመቱ የምትነዱባቸውን ስቴቶች በወረቀት ጻፉ፤ የራሳችሁ ስቴት ፈቃድ የማይሸፍነውን ብቻ ለዩ፤ ያንን የሚሸፍን ካለ ግዙ። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያደርግ ሁለተኛ ካርድ እንደማያስፈልገው ያገኘዋል። በማይቀበል ስቴት ውስጥ ለማለፍ ብቻ ከሆነ፣ በምትነሱበትም በምትደርሱበትም ቦታ መያዝ እስከተፈቀደላችሁ ድረስ፣ ሽጉጡን ጥይቱን አውጥቶ፣ ቆልፎ፣ እጅ የማይደርስበት የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማድረግን የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ክፍያው በአብዛኛው አይመለስም፤ ስለዚህ ማጣራት ያለበት በፊት ነው። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ቀላል የሚባልም ቢሆን በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት፣ ወይም የጥበቃ ትዕዛዝ የወጣበት ሰው ጠበቃ ሳያነጋግር አንድ ዶላር አይክፈል። ማሪዋና በስቴታችሁ ሕጋዊ መሆኑም አያድንም፤ ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ላይ ጥያቄው ተጽፏል፣ ሐሰት መሙላት ደግሞ ለብቻው ወንጀል ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስም ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ሆኖ ከተጻፈ፣ ወይም ልደቱ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር በአንዱ ሰነድ ላይ ሌላ ቀን ከሆነ፣ ማመልከቻው ለወራት ይቆማል። ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን አስተካክሉ። ቅጹ «ሌላ የተጠቀሙበት ስም» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉንም አጻጻፍ ዘርዝሩ። ኒው ጀርሲ እና ኒውዮርክ አራት አራት ምስክሮች ይጠይቃሉ፤ የምስክሮቹ ስልክ የማይነሳ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ይቀመጣል፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ካርዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከስድስት ወር ቀድማችሁ መዝግቡ። ፍሎሪዳ ውስጥ ቀኑ ያለፈበት 15 ዶላር መቀጫ ይጨምራል፤ 180 ቀን ካለፈው ደግሞ ከአሻራው ጀምሮ እንደ አዲስ ያመለክታል፣ 97ቱንም ዶላር እንደገና ይከፍላል።